ከሺሮ ሜዳ እስከ ጳውሎስ፦ አራት የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት በአንዲት ሕፃን እግር

ዛሬ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናትና ስለ ሠርግ ወጪ አላወራችሁም። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ልንገባ ነው። «እኛ ገና ሳናገባ፣ ገና ሳንወልድ ምን አገባን?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግን ቆይ፣ ስንቶቻችን ነን የእህት ልጅ፣ የወንድም ልጅ ወይም ታናሽ ወንድም በእጃችን ይዘን የምንሮጥ? አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ማሳደግ የወለደ ሰው ብቻ ሥራ አይደለም። አክስት አለች፣ አጎት አለ፣ አያት አሉ። ነገሩ ድንገት ደጃችሁ ድረስ ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ ለማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም።

የኛ ከተማ ሰው ስለ ሕፃናት ትምህርት ቤት ሲያወራ ልብ ብላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ትከፍላላችሁ?» ነው። ሁለተኛው «እንግሊዝኛ ያስተምራሉ?» ነው። ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠራ እንደሚውል፣ ሽንቱ ሲመጣ ለማን እንደሚናገር፣ ሲያለቅስ ማን እንደሚያባብለው የሚጠይቅ ብዙ የለም። «የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት» የሚል ቃል ከተነሣማ አለቀ! አራዳ ነኝ ባዩ ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። ገብቶ ያየው ግን ስንቱ ነው?

እኔ ገብቼ አየሁ። ያውም አራት። አራቱም ጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናቸው። አራቱንም የሚያስተዳድረው አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ አራቱም ከወላጅ የወር ክፍያ አይጠይቁም። ከበራቸው ውጪ ቆሞ ለሚያይ ሰው አንድ ናቸው። ከበሩ ወዲያ ያለውን ላጫውታችሁ።

ምን አስነሣኝ?

እህቴ ዐረብ አገር ከሄደች ዓመት አልፏታል። ልጇን ለእናቴና ለእኔ ትታልን ነው የሄደችው። ልጅቱ አምስት ዓመቷ ነው። እቤት ውስጥ ስትንጫጫ የምትውለው ልጅ፣ እናቷ ከሄደች ወዲህ እንግዳ ሰው ፊት አፏ ይቆለፋል። ስሟን ሲጠይቋት ከቀሚሴ ኋላ ትደበቃለች። «ታፍራለች» ይላሉ ጎረቤቶቻችን። እኔ እፍረት ብቻ አይመስለኝም።

እህቴ በየሳምንቱ ዓርብ ትደውላለች። «ሌላው ይቅር፣ ልጄን የመንግሥት ቤት እንዳታስገቡብኝ! እኔ እዚህ የሰው ሽንት ቤት የማጥበው ለምን ሆነና?» ትላለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ከምትልከው ብር ላይ የቤት ኪራይ አለ፣ የእናቴ የስኳር መድኃኒት አለ፣ የቀረው እሷ ስትመለስ አንድ ነገር እንድትጀምርበት በባንክ የሚቀመጥ ነው። የግል ትምህርት ቤት ከከፈልን ይሄ የሚቀመጠው ያልቃል፤ የመመለሻዋ ቀንም ይገፋል። ልጅቱ እናቷን ቶሎ ታግኝ ወይስ እንግሊዝኛ ቶሎ ትልመድ? ሒሳቡ እንዲህ ነበር።

ስለዚህ በግንቦት ወር የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ፣ ልጅቱን በእጄ ይዤ፣ ሰፈር ለሰፈር ዞርኩ። ግንቦትን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ነሐሴ ላይ ብትሄዱ የምታዩት ባዶ ግቢና የታጠበ ወለል ነው። ልጆቹ ሞልተው፣ መምህራኑ ደክሟቸው የምታዩት ግንቦት ላይ ነው።

አንደኛው፦ ከእንጦጦ ሥር

ሺሮ ሜዳን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አለ? የበዓል ሰሞን ጥበብ ሊገዛ፣ ሊከራከር፣ ሻጭ ሊያስቀይም ያልመጣ የለም። እኛ ግን ከሱቆቹ ጀርባ፣ የሸማኔው መወርወሪያ ከየቤቱ በሚሰማበት ቀጭን መንገድ ሽቅብ ወጣን። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፣ የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን ፓርክ ሊጎበኙ የሚወጡ መኪኖች ሽቅብ ሲያጓሩ፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ደግሞ ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ። የእነዚያ እናቶች ልጆች ናቸው እዚህ የሚማሩት።

መዋዕለ ሕፃናቱ ለብቻው የቆመ አይደለም። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ «ዜሮ ክፍል» የሚሉት። ስገባ ቆጠርኳቸው፤ 52 ልጆች፣ አንዲት መምህርት። አግዳሚ ወንበሮቹ ለትልልቆቹ ተማሪዎች የተሠሩ ናቸው፤ የሕፃናቱ እግር ወለሉን አይነካም፣ አየር ላይ ይወዛወዛል። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ በበትር እያመለከተች ፊደል ታስቆጥራለች፤ ልጆቹ ባንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ከኋላ ያሉት ወደ መስኮቱ እያዩ ነው የሚጮኹት።

ሴትዮዋን አልወቅሳትም። ድምፅዋ ተዘግቷል። «52ቱን ላጫውት ብል አንዱ ወድቆ ይፈነከታል» አለችኝ። ሽንት ቤቱ የትልልቆቹ ነው፤ ጉድጓዱ ሰፊ ስለሆነ ትንንሾቹ ይፈሩታል፣ ብዙዎቹም ግድግዳ ሥር ይሸናሉ። የእኛይቱ ገና ከሩቁ ስታየው ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘች።

ደግ ነገር አላየሁም ግን አልላችሁም። ደወል ሲደወል አራተኛና አምስተኛ ክፍል ያሉት እህትና ወንድሞች ሮጠው መጥተው ታናናሾቻቸውን ያቅፋሉ፣ ንፍጣቸውን ይጠርጉላቸዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ሁሉም እጁን ታጥቦ ሳህኑን ይይዛል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2011 እና 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማ አስተዳደሩ በጀት የተስፋፋው የቁርስና የምሳ ምገባ ዛሬ ከ700 ሺህ በላይ ልጆችን ይመግባል። ወረቀት ላይ ቁጥር ነው። ሺሮ ሜዳ ላይ ግን አንዲት እንጨት ተሸካሚ እናት «ልጄ እዚህ ስትውል ልቤ ያርፋል፤ በልታ ነው የምትመጣው» ስትል ሰምቻለሁ።

ሁለተኛው፦ የድሮው ቀበሌ ግቢ

በቁስቋም አድርገን ወደ አዲሱ ገበያ መጣን፤ ይሄ የኛው ሰፈር ነው። ገበያውን አልፋችሁ፣ የተሰነጠቀ የጭቃ አጥር አለ። ቆርቆሮው የዛገ፣ በክረምት የሚያፈስ አሮጌ ቤት። በሩ ላይ ያሉት አዛውንት ዘበኛ «ልጄ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?» ብለው መታወቂያዬን አይተው፣ ስሜን በደብተር ጽፈው ነው ያስገቡኝ። አራቱንም ስዞር መታወቂያ የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቤቱ ከደርግ ዘመን የቀረ ነው። ያኔ ቀበሌዎች በየመንደሩ መዋዕለ ሕፃናት ከፍተው የሠራተኛውን ልጅ ያውሉ ነበር። ክፍሉ ውስጥ 38 ልጆች አሉ። መምህርቷ እኔን ሰላም ካለች በኋላ ቁጢጥ አለችና ከልጅቱ ዓይን ጋር ትክክል ሆነች። ስሟን አልጠየቀቻትም! ከጥግ አንድ ባልዲ ሙሉ የለስላሳ ቆርኪ አምጥታ ምንጣፍ ላይ አፈሰሰችውና «እባክሽ ቀዮቹን ልትለይልኝ ትችያለሽ? እኔ ሥራ በዝቶብኛል» አለቻትና ሄደች። በቃ፣ ሄደች!

ልጅቱ ቆማ ቆየች። ከዚያ ተቀመጠች። ቀዮቹን ለየች፣ ቢጫዎቹን ለየች። አንድ ወንድ ልጅ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና እሱም መለየት ጀመረ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆየን መምህርቷ ስታልፍ የእኛይቱ ቀና ብላ «አረንጓዴ አነሰ» አለች። ከእናቷ መሄድ ወዲህ እንግዳ ሰውን በራሷ አፍ ስታናግር የሰማሁት ያኔ ነው። መምህርቷ ያልተለመደ ነገር እንደተፈጠረ አላስመሰለችም፤ «እውነትሽን ነው፣ ነገ ከሱቅ እንለምናለን» ብላ አለፈች።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ውሃ በሳምንት የሚመጣው በተወሰኑ ቀናት ነው፤ ያለችው ሮቶ አሮጌ ናት። ሸርተቴው ተሰብሮ ብረቱ ብቻ ቆሟል። አንደኛው ክፍል ጣሪያው ስለሚያፈስ ሰኔ ላይ ሁለቱን ክፍል አንድ ላይ ያስተምራሉ። መምህርቷ ዲፕሎማዋ በቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ነው፤ ግን «ደመወዜ ከቤት ኪራዬ አያልፍም» ትላለች። ስንት ጊዜ እዚያ እንደምትቆይ ማንም ዋስትና አይሰጠኝም።

ሦስተኛው፦ ባለ ቀለሙ

ወደ ሩፋኤል መስመር ወርደን ያየነው አዲስ ነው። ግድግዳው ላይ ቀጭኔ፣ ዝሆንና ፊኛ ተሥሏል። ሸርተቴ አለ፣ ዥዋዥዌ አለ፣ የአሸዋ መጫወቻ አለ። ሽንት ቤቱ ለሕፃን ልክ የተሠራ፣ ንጹሕ፣ ቧንቧው ውሃ ያለው። በክፍል 30 ልጅ ብቻ። እውነቱን ልናገር፣ ገና ከበሩ ስገባ ለእህቴ ፎቶ አነሣሁላት። «ይሄንን ስታይ ዝም ትላለች» ብዬ ነው።

ክፍል ውስጥ ግን መጫወቻዎቹ መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ቁም ሣጥኑ ተቆልፏል። ከእንጨት የተሠሩ ፊደሎች፣ የሚገጣጠሙ ቤቶች፣ አሻንጉሊቶች፣ ሁሉም እንደ ወርቅ ቤት ዕቃ ተደርድረዋል። ቁልፉ የት ነው? ዳይሬክተሯ ጋ። «ይሰባብሩታላ! ንብረት በስሜ ነው የተመዘገበው፤ እንግዳ ሲመጣ እናወጣዋለን» አሉኝ። ልጆቹ በመስታወት ያዩታል። ከዚያ ወደ ደብተራቸው ይመለሳሉ፤ አንድ ገጽ ሙሉ «ለ» መጻፍ ነው። ሸርተቴው ላይም የሚወጡት ዓርብ ዓርብ ነው።

ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም። አንድ አሻንጉሊት ቢጎድል ከደመወዛቸው እንዳይቆረጥ ይፈራሉ። ሥርዓቱ ዕቃ ሲጠፋ ይጠይቃቸዋል፤ ልጅ ሳይጫወት ሲያድግ ግን ማንም አይጠይቃቸውም። እንዲህ ሲሆን ማን ቁልፉን ይፈታል?

አራተኛው፦ ጳውሎስ አካባቢ

መቼም ምቀኛ አይደለሁም፤ ይሄኛው ግን አስቀናኝ። ክፍሉ በማዕዘን በማዕዘን ተከፍሏል። አንዱ ጥግ መጽሐፍ፣ አንዱ ጥግ ብሎክ፣ አንዱ ጥግ ትንሽ ጀበናና ስኒ። በየክፍሉ አንድ መምህርትና አንዲት ረዳት አሉ። ከምሳ በኋላ ፍራሽ ተነጥፎ ይተኛሉ። በአንድ በኩል በአማርኛ፣ በሌላ በኩል በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ እረፍት ላይ አኩኩሉ ሲጫወቱ ቋንቋው ይደባለቃል። መጫወቻ ተሰብሮ አየሁ፤ ተሰብሮም እየተጫወቱበት ነው።

ታዲያ ምኑ ጎደለ? መንገዱ! ዳይሬክተሩ በጨዋ ደንብ «እህቴ፣ ቅድሚያ የወረዳው ነዋሪ ነው። ቦታ ከተረፈ ነው የምንጠራችሁ» አሉኝ። ቢጠሩን እንኳ ከቤታችን ሁለት ታክሲ ነው። ጠዋት እኔ ላድርሳት እችላለሁ፤ ከሰዓት የምትመልሳት ግን ስኳር ያለባት እናቴ ናት። በክረምት፣ በሰልፍ፣ በግፊያ፣ ወያላ እየጮኸባት! ልጅቱንም ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከእንቅልፏ መቀስቀስ ሊኖር ነው።

ለምን እንዲህ ተለያዩ?

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ። አባቶቻችን ሀሁ የቆጠሩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ከአቡጊዳ እስከ ዳዊት። ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት ለረጅም ጊዜ የጥቂት ከተሞችና የጥቂት ቤተሰቦች ነበር። ደርግ በቀበሌ አስፋፋው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ግን መንግሥት ጉልበቱን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ላለው አደረገና፣ ከዚያ በታች ያለው ለግል፣ ለእምነት ተቋማትና ለድርጅቶች ቀረ። ኬጂ የገንዘብ ጉዳይ የሆነው ያኔ ነው። በ2002 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ለዕድሜው ከደረሱት ሕፃናት ቅድመ መደበኛ ትምህርት የሚያገኙት ከመቶ ሰባት አይሞሉም ነበር።

በዚያው ዓመት የወጣው አገር አቀፍ የቅድመ ልጅነት ማዕቀፍ ነገሩን ገለበጠው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየግቢያቸው ለስድስት ዓመት ልጆች ዜሮ ክፍል እንዲከፍቱ ተደረገ፤ ቁጥሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ እጥፍ ጨመረ። ክፍል ግን በትእዛዝ ይከፈታል፤ የሠለጠነ መምህር፣ የሕፃን ወንበርና የሕፃን ሽንት ቤት በትእዛዝ አይበቅልም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛ ደረጃን የሁለት ዓመት አድርጎ የትምህርቱ መሰላል ውስጥ አስገባው። እንግዲህ የመጀመሪያው ግቢ የችኮላው ልጅ ነው፣ ሁለተኛው የቀበሌው ዘመን ትራፊ፣ ሦስተኛውና አራተኛው የቅርብ ዓመታት በጀት ፍሬ። አንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሦስት ዘመን ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ሚዛኑ ወዴት አዘነበለ?

ቅዳሜ ማታ ከእናቴ ጋር ቡና ተፈልቶ ቁጭ አልን። አራተኛውን በርቀት፣ አንደኛውን በብዛት ተውነው። በሦስተኛውና በሁለተኛው መካከል ተከራከርን። እናቴ «ውሃ ያለበት ይሻላል፣ በሽታ አታምጣብን» አለች፤ እውነቷን ነው። እኔ ደግሞ ቆርኪው አልወጣልህ አለኝ።

ዓርብ እህቴ ደወለች። ስለ ግድግዳውም ስለ ቀጭኔውም አላወራኋትም። ስልኩን ለልጅቱ ሰጠኋት። ልጅቱም ስለ ቆርኪው፣ አጠገቧ ስለተቀመጠው ልጅ፣ አረንጓዴው ስለ ማነሱ፣ ነገ ከሱቅ ስለሚለመነው ሳትተነፍስ አወራቻት። እህቴ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ቤቱ የመንግሥት ነው አይደል?» አለችኝ። «ነው» አልኳት። «ሮቶ ስንት ነው?» አለችኝ።

ልጅቱ ሁለተኛው ግቢ ተመዘገበች። ከወላጆች ኮሚቴ ጋር ተነጋግረን ከየቤቱ አዋጥተን ሮቶ ገዛን፤ የእህቴም መዋጮ አለበት፣ ከአንድ ወር የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ግን አይበልጥም። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። ለወረዳው ሁለት ደብዳቤ ጽፈናል፤ ሦስተኛው ተረቋል።

ነገ ለምትዞሩት

አንደኛ፣ ሳትናገሩ ሂዱ፤ ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ። መምህሩ ለእናንተ ምን አለ ሳይሆን ለልጁ ጎንበስ አለ ወይ ብላችሁ እዩ። ሁለተኛ፣ ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት ሽንት ቤት ግቡ። ሦስተኛ፣ መጫወቻው ያረጀ ነው ወይስ አዲስ? ያረጀ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ይነካል ማለት ነው። አራተኛ፣ ማን ያደርሳል፣ ማንስ ይመልሳል ብላችሁ በክረምት አስቡት። የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል የሚባለው ለትምህርት ቤትም ይሠራል። አምስተኛ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና የነዋሪነት መታወቂያ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ወላጅ ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ስለሚያልፍ ጊዜ ይበላል፤ ምዝገባ ሲቃረብ ሳይሆን ዛሬ ጀምሩት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የመንግሥት ቤት ገብቶ ያየ አንድ ሰው፣ ሳያይ ፊቱን ከሚያጨማድድ አሥር ሰው ይሻላል። ጉድለቱን የሚያይ ሰው ከሌለ ማን ደብዳቤ ይጽፋል? የእናንተስ ሰፈር እንዴት ነው? እስቲ አንድ ቀን ጠዋት ጎራ በሉ።

ቸር ይግጠመን!